ሁለቱም ጎማ የወለቀባት ሞተር፦ ከብሎኬት ወደ ሞራሌ

ሞተር ሳይክሉን ግቢው ውስጥ ራሱ የሚፈታ ሰው ብዙ ነው። አንዱን ጎማ ፈትቶ ጎሚስታ ጋ መውሰድ ለማንም አያስቸግርም። ሁለቱም አንድ ላይ ሲወልቁ፣ ያውም ለሳምንታት፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከዚህ በታች ያለው ባሕር ዳር አንድ ግቢ ውስጥ የሆነ ነው። ሰው አልተጎዳም፤ ግን ለጥቂት ነው። ባለቤቱ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ ስሙንና ሰፈሩን ግን አልጠቅስም።

መነሻው

ባለሞተሩ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። በፎገራ በኩል ያሉ የገጠር ቀበሌዎች ድረስ ይመላለሳል። ሞተሯ የራሱ ናት፤ ቦክሰር 150፣ ጎማዋ በራጂ፣ ማለትም በቀጫጭን የብረት ዘንጎች፣ የተወጠረ ዓይነት። በኮረኮንችና በጭቃ ዓመታት ሠርታለች። ክረምት ሊገባ ሲል የኋላው ቸርኬ (ጎማው የሚለብሰው የብረት ክብ) ጎበጠ፤ ራጂዎቹም ይበጠሱ ጀመር። የፊቱ ኩሽኔታ ደግሞ አልቆ መሪው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለቱንም አንዴ ልገላገል ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ትክክል ነው። ችግሩ ቸርኬው ከተማው ውስጥ አልተገኘም፤ ከአዲስ አበባ መላክ ነበረበት።

ለምን ጋራዥ አላስቀመጥካትም ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ጋራዥ ሳምንታት ብትቆም ስመለስ ግማሿን ነው የማገኘው» አለኝ። ብዙ ሰው የሚለው ነው፤ ልከራከረው አልፈለግሁም።

ቦታው ከቤቱ ጎን በቆርቆሮ የተከደነ ዳስ ነው። ወለሉ ግማሹ ስስ ሲሚንቶ ፈሶበታል፤ ግማሹ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። ዳሱን ሞተሯ ብቻ አይደለችም የምትጠቀምበት። ሁለት ትንንሽ ልጆች ይጫወቱበታል። እናቱ ከሰዓት በኋላ ቡና የሚያፈሉትም እዚያው ነው። ይህን የምጠቅሰው ወደኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ነው።

አወዳደቋ

መጀመሪያ በመሃል ማቆሚያዋ አቆማት፤ የኋላውን ጎማ አወጣ። እስከዚህ ምንም ችግር የለም። የማቆሚያው ሁለት እግሮችና የፊት ጎማ ተጋግዘው ይሸከሟታል። ቀጥሎ አንድ ብሎኬት በጎኑ አጋድሞ ከኢንጅኑ ሥር አስገባ። በላዩ የታጠፈ ማዳበሪያ አነጠፈበትና የፊቱን ጎማ አወጣ።

ቆመች። ቀናት ቀጥ ብላ ቆመች። ሰውን የሚያታልለው ይሄ ነው። የቆመ ነገር ደህና ይመስላል።

አንድ ቅዳሜ፣ ዝናብ ባደረ ማግሥት፣ «እግረ መንገዴን የኋላ ሹካውን ቡሽ ልቀይር» ብሎ ተነሳ። የኋላውን ጎማ የሚይዘው ይህ ሹካ የታሰረበት ረጅም ብሎን ዝጎ አልንቀሳቀስ አለ። መፍቻው ላይ ፓይፕ ሰክቶ ወደ ፊት ሳበው። አንዴ ሳበ፤ ምንም። ድጋሚ ሲስብ ብሎኬቱ ከመሃሉ ለሁለት ተሰነጠቀ። አፍንጫዋ ዝቅ ሲል የመሃል ማቆሚያው ወደ ኋላ ታጠፈ፤ መሪው ዞረ፤ ሞተሯ በግራ ጎኗ ተዘረረች። ትንሹ ልጅ መፍቻ እያቀበለ አጠገቡ ነበር። የወደቀችው ግን በሌላው ጎን ነው።

የፍሪሲዮኑ እጀታ ተሰበረ፤ የግራ ፍሬቻ ወለቀ፤ ታንከሩ ጎደጎደ። ይሄ ቀላሉ ነው። ታንከሩ ውስጥ ቤንዚን ነበር፤ ከክዳኑም ከካርቡራተሩም መፍሰስ ጀመረ። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የቡናው ከሰል ይነዳል። እናቱ ምድጃውን አፈፍ አድርገው ወደ አጥሩ ባይሮጡ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ ርዕስ ነበር የምጽፈው።

በማግሥቱ ደወለልኝ። ቴክኒክና ሙያ ላይ ስለማስተምር ይሆናል፣ ሰፈር ውስጥ ብረት ሲቸግር እኔ ጋ ነው የሚደወለው።

«ጋሼ፣ ነካ እንኳ አላደረግኋትም እኮ!»

«በፓይፕ እየሳብክ አልነበር እንዴ?»

«እሱማ ብሎኑን ነው እንጂ እሷን አይደለም።»

የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ መልስ ውስጥ ነው። ብሎኑ ያለው ሞተሯ ላይ ነው። ብሎኑ እሺ እስኪል ድረስ የምትስበው እሷን ነው።

ለምን ወደቀች

ብዙ ሰው «ክብደቷ ነው የጣላት» ይላል። ክብደት ብቻውንማ ቀናት ሙሉ ምንም አላደረጋትም። የጣላት ሥራው ነው። ሳትነካ የምትቆም ሞተርና እየተሠራባት የምትቆም ሞተር የሚፈልጉት ድጋፍ አንድ አይደለም።

ሜትር አውጥተን የማቆሚያውን ሁለት እግሮች ለካን። በመካከላቸው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከመሃል እስከ አንዱ ጠርዝ እንግዲህ 15 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ሞተሯን ወደ 120 ኪሎ እንበላት። መሪዋ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። 120ን በ15 አባዝተህ ለ100 ስታካፍል 18 ይመጣል። ጎማ የሌላትን ሞተር መሪዋ ላይ 18 ኪሎ በሚያህል ግፊት ወደ ጎን ከገፋሃት ትገለበጣለች ማለት ነው። አንድ አዋቂ ሰው ሚዛኑን ስቶ ሲደገፍባት ከዚያ በላይ ይጫናታል። ልጅም ሊንጠለጠልባት ይችላል።

ይህን ከሥራው ጉልበት ጋር አስተያዩት። የእንዲህ ያለች ሞተር የኋላ ጎማ ዳዶ (የብሎን ፍሬ) ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ጉልበት መለኪያ ነው። 90 ኒውተን ሜትር የጠበቀን ዳዶ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ መፍቻ ለመፍታት እጀታው ላይ ወደ 30 ኪሎ መጫን ግድ ነው። ዝገት ሲጨመርበት ደግሞ ያልፋል። ይህ ጉልበት በአብዛኛው ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ወይም ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ወደ ጎን አይደለም። ግን ወደ ፊት መሳብ የመሃል ማቆሚያን ያጥፋል። ማቆሚያው የተሠራው እንዲያ ነው፤ ሞተር ሲገፋ ወደ ኋላ ታጥፎ እንዲነሳ። በቀጥታ ወደ ጎን የሚመታው ሥራ ፔርኖን፣ ማለትም ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ፣ በመዶሻ ማስወጣት ነው። እሱ ላይ በተለይ መጠንቀቅ ነው።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ብሎኬቱ ነው። ብሎኬት ግድግዳ ውስጥ ጠንካራ ነው፤ ቀዳዳው ወደ ላይና ወደ ታች ሆኖ፣ በሞርታር ተይዞ፣ ጭነቱ በሙሉ ገጹ ላይ እኩል ሲያርፍበት። በጎኑ ሲጋደም ሸክሙን የሚችለው ሦስት አራት ሴንቲ የማይሞላ ግድግዳው ብቻ ነው። እዚያ ላይ የኢንጅን ጠርዝ በአንድ ነጥብ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። ሲሰነጠቅ ደግሞ አያስጠነቅቅም። እንጨት ጎበጥ ይላል፣ ይንቋቋል፣ ጊዜ ይሰጣል። ብሎኬት ድንገት ነው። እኔ ከብሎኬት ሥር እጄን አላስገባም፤ ተማሪዎቼንም አላስገባም።

ሌሎቹን ባጭሩ ልበል። የማቆሚያው አንድ እግር ያረፈው ዋልካው ላይ ነበር፤ ዝናቡ አርሶት ሁለት ጣት ያህል ሰምጧል። መሪው አልታሰረም፤ ስለዚህ አፍንጫዋ ሲወርድ የፊት ሾኩ ከነመሪው ዞሮ ሙሉ ክብደቷን ወደ ግራ ወሰደው። ቤንዚኑም አልተቀዳም።

ያሰብነውና የተውነው

ጎረቤት ሲሰበሰብ ሐሳብ አይጠፋም። የመጀመሪያው «ከጣሪያው እንስቀላት» ነበር። ቀና ብለን አየን። ዳሱ ባህር ዛፍ ቋሚ፣ በምስማር የተመታ ማገር፣ በላዩ ቆርቆሮ ነው። ያ ማገር የተሠራው ቆርቆሮና ዝናብ እንዲችል ነው። ገመዱ ቢይዝ እንኳ የተንጠለጠለ ነገር ይወዛወዛል፤ ብሎን ሊፈቱበት አይመችም። ተውነው።

ሌላው «በአሮጌ የመኪና ጎማ ላይ አስተኟት» አለ። አሮጌ ጎማ ይለጠጣል፤ ለመሥራት ያስቸግራል። ከሁሉ በላይ ግን የተጋደመች ሞተር ዘይቷም ቤንዚኗም የባትሪዋ አሲድም ቦታውን ይለቃል። የቢራ ሳጥንም ተነስቶ ነበር። ጠርዙ ደህና ነው፤ መሃሉ ግን ጠርሙስ እንዲይዝ የተሠራ ስስ ፕላስቲክ ነው።

የመኪና ክሪክ ያመጣልን ሰው ነበር፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ክሪክ ለማንሳት ጥሩ ነው። አንስቶ ማቆየት ግን ሥራው አይደለም። ከፍ ካደረግንባት በኋላ እንጨት ተተካና ክሪኩ ወጣ።

የሠራነው

ከሁሉ በፊት ቤንዚኑን ወደ ጀሪካን ቀድተን ከዳሱ አራቅነው። ባትሪው ተነቀለ፤ ቀጥ ብሎ ቤት ውስጥ ተቀመጠ። ቡናውም ቦታ እንዲቀይር ተጠየቀ። እናቱ «ከሞተር በፊት እኔ ነበርኩ እዚህ» ብለው አንገራገሩ። በመጨረሻ ግን በረንዳው ላይ መፍላት ጀመረ። ይህን ድርድር እንደ ቀልድ አልቆጥረውም፤ ከብረቱ ሥራ ሁሉ የበለጠ አስፈላጊ ነበር።

ሞተሯን ወደ ሲሚንቶው ወለል አመጣናት። ወለሉ ስስ ስለሆነ በላዩ ሁለት ሰፋፊ ጣውላ አነጠፍን፤ ጭነቱ እንዲበተን። የመሃል ማቆሚያዋን ጣውላው ላይ ካቆምን በኋላ ከእግሮቹ ፊትና ኋላ የሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን የግንባታ እንጨት) ቁራጭ በምስማር መታን። እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ ነው። ከዚያ ማቆሚያውን በጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ወደ ፊት ስበን ከቴላዮው (ከሞተሯ የብረት አጽም) የፊት ብረት ጋር አሰርነው። አሁን ማንም ወደ ፊት ቢስባት ማቆሚያው አይታጠፍም። ከተደረገው ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው ይህች ቀበቶ ናት። ጎማ ለማይፈታ ሰውም ትጠቅማለች።

የፊቱን ክብደት የሚሸከመው የሞራሌ ድርድር ነው። ባለ 5 በ 7 ሞራሌ እኩል እኩል ቆርጠን ሁለት ሁለቱን አንዱን ዙር በርዝመት፣ ቀጣዩን በአግድም ደረደርን። ቁመቱ ከመሠረቱ ስፋት እንዳይበልጥ አደረግን። በመጨረሻው ዙር ላይ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ ከአሮጌ ካላማዳሪ (ጎማ ውስጥ አየር ከሚይዘው ላስቲክ) የተቆረጠ ጎማ። ጎማው እንዳያዳልጥና እንዳይቧጭር ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሥሯን ማየት ያስፈልጋል። አንዳንድ ሞተር ላይ የቴላዮው ቱቦ በኢንጅኑ ሥር ያልፋል፤ እዚያ ላይ መደገፍ ቀላል ነው። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ግን ቱቦው ኢንጅኑ ፊት ላይ ያበቃል፤ ኢንጅኑ ራሱ የቴላዮው አካል ነው። እንዲህ ሲሆን ጭነቱ የኢንጅኑ ሰፊና ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ማረፍ አለበት። የዘይት መክፈቻ ብሎኑ፣ ቀጫጭኖቹ ማቀዝቀዣ ክንፎች፣ የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ቱቦ አይነኩም። የዘይት ብሎኑ ባለበት ጣውላው ላይ ቀዳዳ አወጣን። ከዚያ ከሁለት ወገን ሽብልቅ እየመታን ክፍተቱን ዘጋነው። ማቆሚያውን ከመሬት እስክታነሳ ድረስ ግን አልመታንም። ሁለቱም እኩል መሸከም አለባቸው።

መሪውን ቀጥ አድርገን በሁለት ገመድ ግራና ቀኝ ከዳሱ ቋሚዎች ሥር አሰርን። ከላይ አይደለም፣ ከሥር። ቋሚው ከመሬቱ አጠገብ ነው ጠንካራው።

ኋላውን የሚይዝ ማቆሚያ በያጅ ጋ ከቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት ከሆነ የብረት ዘንግ) አሠራን። መሠረቱ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ አግድሙ ጭነት መያዣው የታሰረበት የቴላዮ ጫፍ ሥር ይገባል። ክብደቷ ወደ ፊት ስለሚያደላ ኋላ ብዙ የሚሸከም ነገር የለም። ሥራው እንዳትናወጥና፣ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲወልቅ ወደ ኋላ እንዳትቀመጥ ነው። ጫፉን ከአግድሙ ጋር በገመድ አጠበቅነው።

ከዚያ ፈተንናት። በመዳፍ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከፊት፣ ከኋላ ተገፋች። አንዱ ሲገፋ ሌላው ሽብልቆቹን ያያል። የተነቃነቀ ሽብልቅ ካለ ተመልሶ ይመታል። ያ የዛገ ብሎን የተፈታው ከዚህ በኋላ ነው። ዘይት ጠጥቶ አድሯል፤ ባለቤቱም እንደበፊቱ በፓይፕ ነው የሳበው። ሞተሯ ንቅንቅ አላለችም።

ያልሠራው

ሁሉም በመጀመሪያው አልሰመረም። ሞራሌ እስኪገዛ ድረስ ግቢው ውስጥ የነበረ የባህር ዛፍ ግንድ ተቆርጦ ተደርድሮ ነበር። ክብ እንጨት ይሽከረከራል፤ ርጥቡ ደግሞ ሲደርቅ ይኮማተርና ሽብልቁ ይላላል። ፈረሰ።

የመጀመሪያው ቱቦላሬም አልሆነም። በያጁ ልኬቱን የወሰደው ጎማ ካላት ሌላ ሞተር ላይ ነው። ስለዚህ ከፍ አለ፤ ሲገባ የመሃል ማቆሚያውን ከጣውላው አንስቶ አንጠለጠለው። ተቆርጦ ማጠር ነበረበት። ልኬት የሚወሰደው ሞተሯ በምትቆምበት ሁኔታ ላይ፣ ማቆሚያዋና ድርድሩ ካሉበት በኋላ ነው።

ሸራው ሌላ ጣጣ አመጣ። ከዝናብ ለመከላከል ሞተሯ ተሸፍና ሸራው ከመሪው ጋር ታሰረ። የጣና ንፋስ ሲነሳ ሸራው እንደ ጀልባ ሸራ ተነፋና መሪውን ይጎትት ጀመር። ፈትተን ከቋሚዎቹ ጋር አሰርነው፤ ሞተሯን እንዳይነካ።

ዶሮዎቹንም መጥቀስ አለብኝ። ጸጥ ያለ፣ የተሸፈነ፣ ከፍ ያለ መቀመጫ ሲያገኙ ማደሪያ አደረጉት። በክብደታቸው አይጥሏትም። ኩሳቸው ግን የፊት ሾኩን የሚያብረቀርቅ ብረት ይበላል፤ እዚያ ላይ ዝገት ከጀመረ የዘይት ላስቲኩ ይቀደዳል። ብረቱ በግሪስ ተቀብቶ በላስቲክ ተጠቀለለ።

ጎማዎቹ ሲመለሱ

ቸርኬው መጣ፤ ራጂ ተሠራ፤ ኩሽኔታዎቹ ተቀየሩ። መጀመሪያ የኋላው ገባ፤ የፊቱ ድርድር ስላልተነካ ሞተሯ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ የፊቱ። ለፊቱ ጎማ ቦታ ካነሰ ድርድሩን ማፍረስ አያስፈልግም፤ ሽብልቁን በትንሹ ማጥበቅ ይበቃል። ፔርኖው ከገባ በኋላ የፍጥነት መቁጠሪያው ካቦና የፍሬኑ ሳህን መያዣ ቦታቸውን መያዛቸው ታየ። የኋላው ፍሬን ሳህን መወጠሪያ ዘንግ ከተረሳ ፍሬን ሲያዝ ሳህኑ ከጎማው ጋር ይዞራል፤ ይሄ ሰው ይገድላል።

ዳዶዎቹ በመጀመሪያ ለዘብ ብለው ነው የተያዙት። ገመዱና ድርድሩ ከወጣ፣ ሁለቱም ጎማ መሬት ከነካ በኋላ በሙሉ ጉልበት ጠበቁ። ሲፈታም እንዲሁ ነው መሆን ያለበት። ትልልቁን ዳዶ ጎማዎቹ መሬት ላይ እያሉ ማላላት፤ ከዚያ ማንሳት። ይሄ ቢደረግ ኖሮ ግማሹ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ለሌላ ሞተር ምን ይወሰዳል

ከዚህ ግቢ ወደ ሌላ ግቢ የሚሻገረው ዕቃው አይደለም። ቱቦላሬ የሌለው በጣውላ ሊሠራ ይችላል። የሚሻገረው ጥያቄው ነው፦ ከየትኛው በኩል ነው የምገፋት? ለእያንዳንዱ አቅጣጫ የሚይዛት ነገር መኖር አለበት። ክብደት የሚሸከም አንድ ነገር፣ መታጠፍን የሚከለክል ሌላ፣ መዞርን የሚከለክል ሌላ።

የመሃል ማቆሚያ የሌላት ሞተር ላይ ነገሩ ይከብዳል። የገጠር ባለሙያዎች የሚነዷቸው ብዙ የመስክ ሞተሮች የጎን ማቆሚያ ብቻ ነው ያላቸው። እነሱ ላይ ሁለቱንም ጎማ አንድ ላይ ማውጣትን አልመክርም። የግድ ከሆነ በኢንጅኗና በቴላዮዋ ሥር የሚገባ ሰፊ ጠረጴዛ መሰል ነገር ተሠርቶ፣ ሞተሯ ወደ ታች በቀበቶ መታሰር አለባት። የጎን ማቆሚያ ከጎማዎቹ ጋር ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ጎማ ከሌለ እሱም የለም።

ባለ ዲስክ ፍሬን ሞተር ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ጎማው ወጥቶ እያለ የፍሬን እጀታው ከተጨበጠ ፒስተኖቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ዲስኩ ተመልሶ አይገባም። በሁለቱ የፍሬን ሸራዎች መሃል ቀጭን እንጨት ማስገባትና እጀታውን በላስቲክ መጠቅለል ነው። የፍሬኑ አካልም በዘይት ቱቦው ተንጠልጥሎ አይተው፤ በሽቦ ከሾኩ ጋር ይታሰር።